ከፔኪን እስከ ፓሪስ በአውቶሞቢል

ለ ማተን የተባለው የፓሪስ ጋዜጣ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓመት፤ ከፔኪን እስከ ፓሪስ በአውቶሞቢል የሚመጣ ደፋር ቢገኝ ብሎ ዐዋጅ አወጣ። በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 3 ቀን 1899 ዓ.ም. አምስት አውቶሞቢሎች ከፔኪን ተነሡ። መንገዱ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ።

ይህን ጕዞ በካርታ ላይ ስንከተለው፤ መጀመሪያ የምናገኘው ከፔኪን እስከ ካልጋን ያለውን ተራራ ነው። በዚያ ሞተሩ ስላልቻለ ሰዎችና በቅሎዎች አውቶሞቢሉን በገመድ ጐተቱት። ከዚያ ወዲያ የጎቢ ምድረ በዳ ይዘረጋል። ቤንዚኑን አስቀድመው ወደዚያ ያደረሱት ግመሎች ናቸው። የፈረንሳዊው የኦጉስት ፖንስ ባለ ሦስት ጎማ መኪና ግን ቤንዚን አልቆበት በበረሓው ቀረ፤ እርሱንና ረዳቱን ከሞት ያዳኑአቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ኢጣልያዊው ልዑል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ሳይቤርያን አቋርጦ ነሐሴ 4 ቀን ከሁሉ ቀድሞ ፓሪስ ገባ። የነዳት ኢታላ አውቶሞቢል ዛሬ በቶሪኖ ሙዚየም ትታያለች። እኛም ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግራቸው፤ ከልዑሉ ስም ጋራ ገመድ የጐተቱትን፤ ግመል የነዱትንና በበረሓ የወደቀውን እንግዳ ያነሡትን ሰዎች አብረን ልናነሣላቸው ይገባናል።