ከቡቲዬ፦ መድፍ በሰማይ

ቡቲዬ፣ የኬንያው ሞያሌ። አቧራው ቀይ ነው። ጀሪካን የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘውታል፤ ድንበሩም ቅርብ ነው። ወደዚህ ያመጣኝ የ1932 ዓ.ም. ክረምት ታሪክ ነው።

ያኔ እዚሁ ሞያሌ፣ ፎርት ሃሪንግተን በሚባለው ምሽግ አንድ ሻምበል የእንግሊዝ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ጦር በጣሊያን ተከቦ ነበር። መድፍ ይወርድበታል፤ ሊደርስለት የመጣው ወገንም ከበባውን መስበር አልቻለም። ከሐምሌ 7 ለ8 አጥቢያ ሌሊቱን ተገን አድርጎ ሾልኮ ወጣ። በየካቲት 1933 የደቡብ አፍሪካ ጦር ሜጋን ሲይዝ፣ ሞያሌ የገባው አብሮት የተሰለፈ የኢትዮጵያውያን ቃኚ ቡድን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ሊታወቅ ይገባል።

ለተከበበ ጦር መድፍ በምን ይደርሰዋል? ጥቂት ዓመት ቆይቶ መልሱ ከሰማይ መጣ። የአሜሪካው 75 ሚሊ ሜትር ሃውዘር ሲሠራ የታሰበው ለበቅሎ ነበር፤ ተፈታትቶ ይጫናል፣ ተራራው ላይ ይገጣጠማል። ያው መድፍ ሞተር በሌለው አውሮፕላን፣ በግላይደር ሆድ ገባ። ዋኮ የተባለው ግላይደር ከብረት ቱቦ፣ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ነው። አፍንጫው ከነአብራሪዎቹ መቀመጫ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይከፈትና መድፉ በፊት ለፊት ተገፍቶ ይገባል። ባለሞተር አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል፤ ማረፊያው ሲቃረብ ገመዱ ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ መነሳት የለም፤ አብራሪው ያገኘው ሜዳ ላይ ማረፍ አለበት። ሲያርፍ የመድፉ እስር ከተበጠሰ ከግማሽ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ከጀርባው ይመጣበታል። እንዲህ ያለ መቀመጫ ላይ አውቀው የተቀመጡ ወጣቶች ድፍረት ያስደንቀኛል።

መስከረም 7 ቀን 1937 የእንግሊዝ አየር ወለድ መድፈኞች ሆላንድ፣ አርነም አጠገብ እነዚህን ሃውዘሮች በግላይደር ማውረድ ጀመሩ። ኦስተርቤክ በምትባል መንደር፣ በቤተ ክርስቲያኑ አካባቢ ጠምደው ሳምንት ያህል ተዋጉ። እነሱም ተከበቡ፤ በምድር ሊደርስላቸው የነበረው ጦር ዘገየ። እንደ ሞያሌዎቹ በሌሊት ወጡ፤ ጫማቸውን በጨርቅ ጠቅልለው የራይንን ወንዝ ተሻገሩ። መድፎቹ ግን እዚያው ቀሩ። የግላይደር ጉድለቱ ይኸው ነው፤ ያደርሳል እንጂ አይመልስም።

ይህን ጉድለት ሄሊኮፕተር ሞላው፤ እኛም አገር ታይቷል። በየካቲት 1970 የሶማሊያ ጦር የካራ ማርዳን በር ዘግቶ ሲጠብቅ፣ ኤምአይ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችንና ባለ 57 ሚሊ ሜትር ተሽከርካሪ መድፎችን ተሸክመው ከጀርባው አወረዱ። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ከሶማሊያ ጦር እጅ ወጣች።