የቆመች መኪና ዘይት

ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲዎች መሰነጣጠቅ ወይም ለምክር ቤት ስለቀረበ የአዋጅ ረቂቅ የምጽፈውን ማንበብ የለመዳችሁ ወዳጆቼ ዛሬ ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። የዛሬው ጉዳዬ መኪና ነው። ወደ ፖለቲካው ጎራ ማለቴ ባይቀርም (የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ) የምጽፈው ስለ ዘይት ነው፤ ስለ ሞተር ዘይት፣ ስለ ካምቢዮ ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለ ፍሬን ዘይት።

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት ማዝዳ ገዛሁ። እዚህ አሜሪካ «ሚያታ» የሚሏት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ከታየች ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ ባለ ሁለት መቀመጫ ከሆኑ የስፖርት መኪኖች ሁሉ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ናት። ስለዚህ ብርቅ አይደለችም፤ በመምህር ደመወዝም የምትደፈር ናት። ባለቤቴ ግን «አራት ሰው ለሚኖርበት ቤት ሁለት መቀመጫ ያላት መኪና የተገዛችበትን አመክንዮ ለተማሪዎችህ አስረዳልኝ» ብላኛለች። አርባን ያለፈ ወንድ ቀይ መኪና ሲገዛ ሰው ምን እንደሚል አላጣሁትም። መልስ የለኝም፤ አማረችኝ፣ ገዛኋት።

የሸጡልኝ ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖሩ አንድ ትሑት አዛውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ ሆና ገዝተዋታል። ከዚያ ወዲህ ባለው ከሃያ በላይ ዓመት የተነዳችው 19 ሺህ ማይል፣ ማለትም ወደ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከቤታቸው ጋር በተያያዘው ጋራዥ ውስጥ በጥጥ ልባስ ተሸፍና ኖራለች። ልባሱን ሲገልጡት የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚገልጡ ይመስሉ ነበር። ቀለሟ ያበራል፤ ወንበሯ አልተጨማደደም። የፍሬን ዘይቷ መቼ እንደተቀየረ ስጠይቃቸው ግን ከልብ ተገረሙ። አልነዷትማ! ያልተነዳ መኪና ዘይት ለምን ይቀየራል?

ይህ የእርሳቸው ብቻ ስሕተት አይደለም። የመኪና መመሪያ መጽሐፍ የዘይት መቀየሪያ ጊዜን በሁለት መለኪያ ያስቀምጣል፤ በተሄደው ርቀትና ባለፈው ጊዜ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው። ሰው የሚያነበው ርቀቱን ነው፤ መኪናው ፊት ለፊት በቁጥር ይታያላ። ጊዜን የሚቆጥር ሰሌዳ ግን ማንም አልገጠመላትም።

ሞተር ውስጥ የቆመ ዘይት ምን ይሆናል? ቤንዚን ሲቃጠል ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ውኃ ነው። ሞተሩ ረጅም መንገድ ሄዶ በደንብ ከጋለ ይህ ውኃ ተንኖ ይወጣል። ተነሥቶ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ከጠፋ ግን እዚያው ከዘይቱ ጋር ይቀራል፤ ከሌላው የቃጠሎ ትራፊ ጋር ተዳምሮም አሲድ ይሆናል። ስለዚህ አዛውንቱ ለዓመታት በትጋት ያደርጉት የነበረው ነገር፣ «እንዳትሞት» ብሎ በየወሩ አስነሥቶ ማጥፋት፣ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። የራዲያተሩም ፈሳሽ እንዲሁ ነው፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቁት ቅመሞች መኪናዋ ብትሄድም ባትሄድም በጊዜ ብዛት ይደክማሉ።

የባሰው ግን የፍሬኑ ነው። «ዘይት» እንበለው እንጂ ዘይት አይደለም፤ ከአየር ላይ እርጥበት የሚስብ ሌላ ዓይነት ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ከመቶ 3.7 እጅ ውኃ ሲገባበት የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገምና ሲግል ፈሳሹ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ሳይፈላም ቢሆን ውኃው ብረቱን ከውስጥ እያዛገ፣ የጎሚኒዎቹን ሥራ እያበላሸ ይከርማል። ከውጭ የሚታይ ምንም ነገር የለም።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም።

ልጅ ሆኜ አባቴ ቮልስ ነበረችው፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች። በ1978 ዓ.ም. እንደ ዘመኑ ብዙ ሰው እርሱም ታሰረ። ምክንያቱን እስከ ዛሬ በቅጡ አልነገረንም፤ እኛም መጠየቁን ትተናል። ቮልሷ ሁለት ዓመት ከአራት ወር በግቢያችን በሸራ ተሸፍና ቆመች። እናቴን ሽጪው ያላት ሰው ብዙ ነበር፤ ብርም ያስፈልገን ነበር፤ አልሸጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ታነሣና እኔንና እኅቴን ጨርቅ አስይዛ ታስወለውለን ነበር። ያቺን መኪና መወልወል አባባ እንደሚመለስ ማመን ነበር። ስለዚህ መስታወቷ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ወለወልናት።

በ1980 ዓ.ም. ተፈታ። የሰፈራችን መካኒክ መጥቶ ባትሪ ቀየረ፣ ካንዴላ አጸዳ፣ የሞተሩን ዘይት ለወጠ፣ ጎማ ነፋ። ሞተሩ ሲነሣ ጎረቤት እልል አለ። በሦስተኛው ቀን አባቴ እኔን ከፊት አስቀምጦ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ቁልቁል ወረድን። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መስኮቱን ከፍቼ ክንዴን እንደ ትልቅ ሰው አውጥቻለሁ። ቁልቁለቱ መካከል አባቴ ፍሬን ረገጠ። ፔዳሉ ወለሉን ሲመታ የተሰማው ድምፅ ዛሬም አይረሳኝም። ደጋግሞ ረገጠ፤ ምንም የለም። የዚያ ዘመን ቮልስ የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ ነበር፤ አንዱ ቦታ ከከዳ አራቱም ጎማ ይከዳል። ማርሽ ቀነሰ፣ በሽቦ የሚሠራውን የእጅ ፍሬን ሳበ፣ መሪውን ወደ ጥጉ አዙሮ ከአንድ የድንጋይ አጥር ጋር አጋጨን። ፓራውልቱ ታጠፈ፤ የእኔ ግንባር አበጠ። ሌላ ምንም አልሆነም።

አባቴ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ እጄን ይዞኝ በእግር ተመለስን። መካኒኩ በኋላ የፍሬኑን ማስተር ፈትቶ አሳየን፤ ውስጡ ዝጓል፣ ጎሚኒው ተቀድዷል። እርሱም ደንግጦ ነበር። መነሣቷን እንጂ መቆሟን ማንም አላሰበም። ቮልሷ ዓመት ሳይሞላ ተሸጠች፤ ከዚያ ወዲህ አባቴ መሪ ሲጨብጥ አይቼው አላውቅም።

እንግዲህ አዛውንቱ የጥጥ ልባሱን ሲገልጡት እኔ ያየሁት ቀለሙን አልነበረም።

መኪናዋን በመጎተቻ አስጭኜ ቤት አመጣሁ (ባለቤቴ ለዚህም የምትለው ነበራት)። ሥራው ሦስት ቅዳሜ ወሰደ። የሞተሩ ዘይት ፊልትሮውን ጨምሮ 3.8 ሊትር ገደማ ነው፤ ፊልትሮው ግን ማን እንዳሰበው በማይታወቅ ጥግ፣ ከሞተሩ ጎን ሥር ተደብቆ ስለተገጠመ ክንድ ሳይቧጨር አይወጣም። ለካምቢዮው 2 ሊትር፣ ለዲፈረንሻሉ 1 ሊትር ገደማ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምናልባት ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። የካምቢዮ ዘይት ስትቀይሩ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፤ ማፍሰሻውን ከዚያ በኋላ። ካፈሰሳችሁ በኋላ መሙያው ተጣብቆ እምቢ ቢል ባዶ ካምቢዮ ይዛችሁ መቅረታችሁ ነው። አፍርሰው መሙያውን ያላሰቡበትን ጉዳዮች በአገራችን ታሪክ እናንተው ቁጠሩ፤ እኔ ዛሬ ዘይት ላይ ነኝ።

(ከመኪና ሥር ተጋድሜ ያሰብሁት ሌላ ነገር፤ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ክሪክ። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ተባረረ፤ መኪና ሥር ስንገባ ግን ዛሬም በእርሱ ቋንቋ ነው የምንጨቃጨቀው።)

የፍሬኑን ዘይት መለወጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ፔዳል ይጫናል፤ ሌላው ጎማው ዘንድ ሆኖ የማስተንፈሻዋን ቡሎን ይከፍትና ይዘጋል። ከፍሬኑ ማስተር በጣም ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይመጣል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ጠራኋት። አማርኛ ትሰማለች፤ መናገሩ ግን ያሳፍራታል። መኪናዋ አራቱም ጎማዋ ወልቆ በብረት መደገፊያ ላይ ተቀምጣለች (ክሪክ ብቻውን አይታመንም)። እኔ ከኋላ ቀኝ ጎማ ዘንድ ተንበርክኬ እጮኻለሁ፤ «ተጫኚ!» እርሷ ከውስጥ «ተጫንኩ!» ትላለች። «ያዢ!» «ያዝኩ!» እከፍታለሁ፣ ይፈስሳል፣ እዘጋለሁ፤ «ልቀቂ!» «ለቀቅኩ!» እኔ ሳልዘጋ ከለቀቀች አየር ይገባል፤ የደከምንበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ እየተሳሳቅንም ቢሆን መደማመጥ ግድ ነበር።

በማስተላለፊያዋ ላስቲክ የወጣው ነገር ጠላ ይመስል ነበር፤ ያውም ደፍራሽ ጠላ። ልጄ ወርዳ አየችውና «አባዬ፣ ይሄ ነው የሚያቆመን?» አለችኝ በአማርኛ። ይኸው ነው አልኳት። ቀስ በቀስ እየጠራ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ብርዝ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነ። አራቱን ጎማ ስንጨርስ አንድ ሊትር ሙሉ አልቆ ነበር፤ የልጄ እግር ዝሏል፤ አራት የአማርኛ ግሥ ግን ያለ ኀፍረት ትጮኻለች።

አሁን ቃል የገባሁበት ፖለቲካ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ምርጫውን ሲያስተጓጉል የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ሲያበቃ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ወደ ሕገ መንግሥት ትርጉም ተወሰደ። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን በአደባባይ ሲያከራክር እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ከዚህ ሆኜ ተከታትያለሁ። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን ሰጠ፤ የምክር ቤቶቹ የሥራ ዘመን ተራዘመ። ጳጉሜን 4 ቀን ትግራይ የራሷን ምርጫ አካሄደች። ከዚያ ሁለት ወር ሳይሞላ ጦርነት ሆነ። ጦርነቱ ከዚያ ውሳኔ መጣ አልልም፤ መንሥኤው ብዙና ሥር የሰደደ ነው። የምለው ይህን ነው፤ ያን ፔዳል በረገጥንበት ሰዓት የቀረበውን ፍርድ ወገኖቹ ሁሉ እንደ ፍርድ አልተቀበሉትም። እግራችን ወለሉን ነካ። ሰነዱ በ1987 ዓ.ም. ከጸደቀ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አንቀጽ 83ና 84 በወረቀቱ ላይ እንደ አዲስ ያበራሉ። በሜዳውና በቀላሉ መንገድ ላይ፣ በትንንሹ ጠብ፣ ገዢውን በሚቆረቁር ጉዳይ ጭምር ደጋግመን ብንጫነው ኖሮ የት እንደሚያፈስስ አስቀድመን ባወቅን ነበር።

«ሕገ መንግሥት የፍሬን ዘይት አይደለም» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው። የፍሬን ዘይት በአንድ ቅዳሜ ይቀየራል፤ መተማመን ግን ከመደብር አይገዛም። ደግሞም ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ መቀሰር አልፈልግም። አዲስ አበባ ሳስተምር እነዚያን አንቀጾች ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ፤ ተማሪዎቼን አስሸምድጃቸዋለሁ፤ ፈትኛቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነገር ሲረገጥ ይይዛል?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወለውል ነበር ማለት ነው።

ወደ መኪናዋ ልመለስ። የፈሰሰውን ዘይት ሁሉ በጀሪካን አድርጌ ወረዳው ላዘጋጀው መቀበያ አስረከብሁ። የራዲያተሩ ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ስለሆነና ለእንስሳት መርዝ ስለሆነ የጎረቤቴ ውሻ እንዳይደርስበት ሌሊቱን ሳሎን አሳድሬዋለሁ (ለዚህም የተባልሁትን አልጽፈውም)። አገር ቤት ቢሆን የተቃጠለውን ዘይት የአጥር እንጨት ለምስጥ እንዲቀባበት የሚፈልግ ጎረቤት አይታጣም ነበር።

እሑድ ለአባቴ ደወልሁ። ሰማንያውን አልፏል፤ ጆሮው ትንሽ ደክሟል። መኪና መግዛቴን ስነግረው ስንት እንደሆነች አልጠየቀኝም፤ ቀለሟንም አልጠየቀኝም።

«የቆመች ናት?» አለ።

«አዎ አባባ፣ ብዙ ዓመት የቆመች።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«የፍሬኑን ዘይት ማን ቀየረው?»

«እኔና ልጄ።»

«ጎሚኒዎቹስ?»

ጎሚኒዎቹን ገና አላየሁም። ከውጭ ሲታዩ ደኅና ናቸው። አዲስ ፈሳሽ ከገባ በኋላ ያረጀ ጎሚኒ ማፍሰስ ሊጀምር እንደሚችል አውቃለሁ፤ እስከዚያው ከሰፈራችን ሜዳ አላወጣኋትም፤ ልጄንም አላሳፈርኋትም። ይህን ነገርሁት።

«ደግ አድርገሃል» አለኝ። «ስትጨርስ ደውልልኝ።»

ዕቃው ታዝዟል፤ ማክሰኞ ይደርሳል ብለውኛል። ቸር ይግጠመን።