ጣሪያው ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

ባለፈው ጥር ታናሽ እህቴን ዳርን። አባታችን በሕይወት ስለሌለ፣ የሙሽራዋን መኪና የመምረጡ ጣጣ እንደ ሌላው ሁሉ በእኔ በታላቅ ወንድሟ ጫንቃ ላይ አረፈ። ውድ አንባብያን፣ «ይህ ሰው የአገሩን ጉዳይ ትቶ ሠርግ ሊያወራልን ነው» ብላችሁ አትቸኩሉብኝ። ነገሩ ከሠርግ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እኔም የገባኝ ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ቀለበት መንገዱ ዳር ቆሜ ሳለ ነው።

አከራዩ ሁለት መኪኖች አቁሞ ጠበቀን። አንደኛዋ ነጭ ናት፤ ጣሪያዋ እንደ ድንኳን ሸራ ታጥፎ ከኋላ ይከተታል። ሁለተኛዋ ጥቁር፣ ረጅም፣ መስተዋቷ ከውጭ ወደ ውስጥ የማያሳይ። ለነጯ የጠየቀው ኪራይ የጥቁሯን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለችው ብትሰበር ምትክ እንደማይገኝላት አስረዳኝ። (እውነቱን ይሁን ንግዱን እግዜር ይወቅ።) እናቴ ጥቁሯን መረጠች። «ልጄን ፀሐይም፣ አቧራም፣ የሰው ዓይንም አያግኛት» አለች። እህቴ ግን «እማዬ፣ የተሰረቀ ዕቃ ነኝ እንዴ ተሸፍኜ የምሄደው?» ብላ እጇን ነጯ ላይ አሳረፈች። እኔ በልቤ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። በየትኛው ቀን ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ከተማ ሙሽራን ገልጦ መንዳት ድፍረት መስሎ ታየኝ።

በዚህ መካከል ፊሽካ ተነፋ፤ ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ዘጉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆምን። ከአጠገባችን በቆመው ሚኒባስ ውስጥ ልጇን የታቀፈች ሴት ረዳቱን «ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ነው የምሄደው፤ ወርጄ በእግሬ ብሄድ ይሻላል?» ትለዋለች። ረዳቱ ፖሊሱን ያያል፤ ፖሊሱ ባዶውን መንገድ ያያል። በመጨረሻ መጡ፤ ጥቁር፣ ከኋላው ጥቁር፣ ከዚያም ኋላ ጥቁር። ማን እንዳለፈ ያወቀ ከመካከላችን አልነበረም። አከራዩ ያቀረበልን መኪና ከሰልፉ መካከል ብትገባ ኖሮ የሚለያት አይገኝም ነበር። ሴትዮዋ ሚኒባሱ ሳይንቀሳቀስ ወርዳ ሄደች።

አባቴ ደጋግሞ የሚነግረን ነገር ነበር። ልጅ ሳለ የጃንሆይ መኪና ስታልፍ ሕዝቡ እጅ ይነሣል፤ በደል የደረሰበት ደግሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «አቤት! አቤት!» ይላል። አንዳንድ ጊዜ መኪናዋ ትቆማለች፤ አቤቱታ የሚቀበል ሰው ይወርዳል። ንጉሠ ነገሥቱ በክፍት መኪና መታየትን ያውቁበት ነበር። መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ሲገቡ ከፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ጎን ሆነው፣ ጣሪያ በሌላት መኪና በሕዝብ መካከል አለፉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኬኔዲ ዳላስ ላይ ጣሪያዋ በተነሣ መኪና ውስጥ እንዳሉ ተገደሉ፤ ጃንሆይም ለቀብራቸው ወደዚያችው ከተማ ተመለሱ። መኪናዋን አሜሪካኖች አልጣሏትም። ጥይት የማይበሳው ቋሚ ጣሪያ ገጠሙላትና ተከታዮቹ ፕሬዚዳንቶች ለዓመታት ተጠቀሙባት።

የእኛም መንገድ ወደዚያው አመራ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው የወሰዳቸው ቮልስዋገን ነበር፤ የፊት ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ የሚገባበት ያ ጠባብ መኪና። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም.፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በመኪና ሲሄዱ ተተኩሶባቸው እግራቸው ላይ ቆሰሉ። ከዚያ ወዲህ በነበረው ዘመን መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀት የሚያውለበልብ ሰው ምን ይገጥመው እንደነበር የዚያ ትውልድ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ይናገሩት።

ከኢምፔሪያል ብዙም በማይርቀው የቦሌ መንገድ የሆነውን ግን እኔም አስታውሰዋለሁ። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከአየር ማረፊያው እንደወጡ ታጣቂዎች መንገዱን በመኪና ዘግተው ተኮሱባቸው። ሙባረክን ያተረፋቸው ከአገራቸው ያስመጡት ጥይት የማይበሳው መኪና ነው፤ ሹፌሩ አዙሮ ወደ አየር ማረፊያው መለሳቸው። ከመስተዋቱ ውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ፖሊሶች ግን ሞቱ።

እንግዲህ ጣሪያውን የዘጋ ሁሉ ፈሪ ነው ልንል ነውን? አይደለም። ሙባረክ ያን ቀን በክፍት መኪና ቢሆኑ ኖሮ የሁለት አገሮች ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር። የክፍቱንም ዘመን ማቆላመጥ አይገባም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ ቤቱን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ ነበር፤ «አቤት» ለማለት ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም፤ ሆኖም ለአቤቱታው የደረሰለት ብዙ ሺህ ሕዝብ ካለቀ በኋላ ነው። የተከፈተ መስኮት የሚያየው ለማየት የፈቀደውን ብቻ ነው። ያም ሆኖ፣ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥይት የማይበሳውን መኪና ከሰርዲን ቆርቆሮ ጋር አመሳስለው በክፍቱ መሄድን ሲመርጡ፣ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 በክፍት መኪና ላይ ሳሉ መቁሰላቸውን ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም። በእርጅናቸው ያን ያህል ማለታቸው ይገርመኛል።

እኔን ያናደደኝ መስተዋቱ አይደለም። ባለሥልጣን ይጠበቅ፤ ነፍስ ናት። ነገር ግን ጥበቃው መኪናውን አልፎ መንገዱን ሁሉ ሲውጥ፣ ሕፃን የታቀፈችውን ሴት ከሚኒባስ ሲያስወርድ፣ የሚያልፈው ሰው እርሷ መኖሯን እንኳ የሚያውቅበት ቀዳዳ አይተርፍም። «አቤት» ብትል ማን ይሰማታል? የቆመችው እኮ በአቤቱታ ሰዓቷ ሳይሆን በሐኪም ቀጠሮዋ ነው። የገዛ ፍርሃቴንም ያየሁት ያኔ ነው። ያ ሰልፍ የሚፈራኝን ያህል እኔም ጎረቤቴን እየፈራሁ ለእህቴ ጥቁር መስተዋት ልከራይላት ነበር።

«የወደድሽውን ያዢ» አልኳት። እናቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

የሠርጉ ዕለት ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ልንታጠፍ ስንል መጨናነቁ አቆመን። አቧራው እናቴ እንደፈራችው ነበር፤ ቬሉ ወዲያው መልኩን ለወጠ። ከጎናችን የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ያሉ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሙሽሪት፣ የታክሲ ታሪፍ ተጨመረ መባሉን ሰምተሻል?» ብሎ ጮኸ። ሹፌራችን ተቆጣ፤ እህቴ ግን ከት ብላ ሳቀችና «በሠርጌ ቀን አትንገረኝ!» አለችው። ሶፍት የሚሸጥ ልጅ ከመኪኖቹ መካከል ሹልክ ብሎ መጣ፤ አንድ እሽግ ጭኗ ላይ ጣለላት፤ ገንዘብ ስንዘረጋለት እንቢ ብሎ ሮጠ። በእርሱው ፊቷን እየጠረገች ገርጂ ገባን።

ቸር ይግጠመን።