ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ሐዋሳ ለሚሄድ ሰው

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ለሚደረግ ጉባኤ የተጠራ ባለሥልጣን ባለቤቱንና ልጆቹን አስከትሎ ሊሄድ ቢያስብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በ1700 ሜትር ገደማ ከፍታ በሐይቅ ዳር ተቀምጣለችና ለደጋ ሰው ትሞቃለች፤ የወባ ትንኝም አለባት። ስለዚህ ሲመሽ ልጆችን እጅጌው ረዥም ልብስ ማልበስ፥ ሲተኙም አጎበር መዘርጋት ይገባል። ወባ ከተነከሱ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቈይቶ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ ይነሣልና፥ ወደ ቤት ከተመለሱ ወዲህ ልጅ ቢያተኩሰው ጉንፋን ነው ብሎ ማሳደር አደገኛ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወስዶ፥ ሐዋሳ መሰንበቱን ነግሮ ደሙን ማስመርመር ነው።

አባት በጉባኤ ሳለ እናትና ልጆች ማለዳ ወደ አሞራ ገደል ወርደው ዓሣ አጥማጆችንና አባ ኮዳን ቢያዩ ይደሰታሉ። ዓሣውን በዚያ ጥሬውን የሚበሉ አሉ፤ እኛ ግን ለልጅ የበሰለውን እንመርጣለን።

ጉዞው ለፍቼ ጨምበላላ እንደ ሆነ፥ ቀኑን የሲዳማ ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው የሚወስኑት ነውና ሳይጠይቁ መነሣት ከንቱ ድካም ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው ይህ በዓል፥ ባል ካገባች በኋላ በየዓመቱ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ የነበረችን ሴት ያስታውሳል ይባላል። ቡርሳሜም ከእንሰት፥ ከወተትና ከቅቤ ይሰናዳል፤ ልጆች ሰላምታ ሊሰጡ ወደየጎረቤቱ ሲገቡ ይቀርብላቸዋል፤ እንግዳም ቢጋበዝ እጁን ታጥቦ ቢቀርብ መልካም ነው።