በማእድ መካከል ስለ ቆመው ፊኛ

ስለ ሠርግ ቤት ጌጥ መጻፍ ለፍርድ ቤት መዝገብ ጸሐፊ የሚገባ ሥራ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም ራሳችን እስካለፈው ጥር ወር ድረስ ይህን ነገር የወጣቶች ጨዋታ ነው ብለን ንቀነው ነበር። ነገር ግን በገዛ እጃችን ያቆምነው ፊኛ በገዛ ማእዳችን ላይ ያደረገብንን ካየን በኋላ፥ ትንሽ የሚመስለው ጌጥ ትልቁን ነገር ሊያሰናክል እንደሚችል ስለ ተረዳን፥ ልጆቻቸውን ለሚድሩ ቤተ ሰቦች ይጠቅማል ብለን እነሆ እንጽፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅታችን ባል በሞተ ጊዜ ልጃቸው የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። እኅታችንም ብዙ ሳትቆይ ስለ ተከተለችው፥ ልጅቱን እኛና ባለቤታችን እንደ ልጃችን አድርገን አሳደግናት። አባቷ በሰሜን ሸዋ በትውልድ አገሩ ቤትና ጥቂት የእርሻ ይዞታ ትቶላት ነበርና ይህን ሲጠብቁላት የኖሩት የአባቷ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልጅቱ ካደገች በኋላ እኛ ስለ እርሷ ሆነን ድርሻዋ ተለይቶ ይሰጣት ብለን ጠየቅን። እሳቸውም፦ «ቤቱን ጠግኜ ያቆምሁት፥ ግብሩንም የከፈልሁት እኔ ነኝ» አሉ። ነገሩ ከቃል ወደ ክስ ደረሰ፤ የሌላውን ሰው ክርክር ስንመዘግብ የኖርነው እኛ የራሳችንን ስም በመዝገብ ላይ አየነው። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገብተው አስታረቁን፥ ድርሻዋም ተለይቶ ተሰጣት። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ የተፈጸመው ዕርቅ ወደ ልብ ሳይወርድ ቀርቶ ስድስት ዓመት ሙሉ የእግዜር ሰላምታ እንኳ አልተለዋወጥንም።

የልጅቱ ሠርግ ቀን በተቆረጠ ጊዜ እነዚያው ሽማግሌዎች፦ «ሁለታችሁን በአንድ ማእድ ፊት ለፊት እናስቀምጣችኋለን፤ የቀረውን እህሉ ይጨርሰው» ብለው መከሩ። ሙሽራይቱም በበኩሏ ከእኛ የለመነችው ይህንኑ ብቻ ነበር። «አባባ፥ የአባቴን መልክ የማየው በአጎቴ ፊት ላይ ነው፤ በሠርጌ ቀን ተኳርፋችሁ እንዳላይ» አለችን። እኛም እሺ አልናት።

ከዚህ በኋላ ስለ አዳራሹ ማሰናዳት ጀመርን። ሙሽራይቱ በየጠረጴዛው መካከል የፊኛ እቅፍ እንዲቆም ወድዳ ነበር። በማስጌጥ ሥራ የሚተዳደሩት ሰዎች የጠየቁን ዋጋ ስለ ከበደን ባለቤታችን፦ «ፊኛ መንፋት የማንን እጅ ያቅተዋል?» አለችና በቤታችን ልንሠራው ቆረጥን። ጠረጴዛው 20፥ በያንዳንዱ ላይ የሚቆመው ፊኛ 5፥ በጠቅላላው 100 ፊኛ መሆኑ ነው።

ዛሬ የከተማ ልጆች ፊኛ ሲባል የሚመጣላቸው ይህ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም የጎማ ከረጢት ብቻ ነው። በእኛ ልጅነት ግን ፊኛ ማለት የታረደው በሬ የሽንት ከረጢት ነበር። ለሠርግ በሬ በታረደ ጊዜ እኛ የቄስ ተማሪዎች ከአራጆቹ አጠገብ ተኮልኩለን እንጠብቅ ነበር፤ ፊኛውን ሲጥሉልንም በአመድ አሽተን፥ በሸምበቆ ነፍተን፥ አፉን በክር አስረን እንደ ኳስ እንራገጠው ነበር። በማእድ ላይ ሊቀመጥ ይቅርና ወደ ዳሱ ይዘነው ብንገባ አለንጋ ይጠብቀን ነበር።

የጎማውን ፊኛ የሠራው ማይክል ፋራዴይ የሚባለው የእንግሊዝ አገር ሊቅ ነው። በ1824 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ በለንደን በሮያል ኢንስቲቱሽን ስለ ጋዞች ጠባይ ሲመረምር ሁለት የጎማ ሉሆች አነባብሮ ጠርዛቸውን አጣበቀ፤ ውስጡ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅም ዱቄት ነሰነሰበት፤ ከዚያም ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ ሞላው። እንግዲህ የምርምር ዕቃ የነበረው ነገር ዛሬ የሙሽራ ጌጥ ሆኗል።

ፊኛው በክር ታስሮ ከጠረጴዛው በላይ እንዲንሳፈፍ ስለ ፈለግን ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ በብረት በርሜል ገዛን። ሂሊየም በ1868 የፀሓይ ግርዶሽ በሆነ ጊዜ ምልክቱ በፀሓይ ብርሃን ውስጥ ስለ ታየ ስሙ ፀሓይ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው፤ በምድር ላይ አግኝቶ የለየው ዊልያም ራምዜ ሲሆን ይህም በ1895 ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን መምህር አንድ ነገር በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ከሚገፋው አየር የቀለለ ሲሆን ነው ብለው አስጨብጠውን ነበር። በዚህም ሒሳብ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፊኛ 11 ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ ይይዛል፤ በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ሂሊየም አንድ ግራም ያህል ያነሣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ የፊኛውም የማንሣት ኃይል በሩብ ያህል ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ዐውቀን ሳለ አንዱን ነገር ረሳነው። ሂሊየም እጅግ ረቂቅ ጋዝ በመሆኑ በጎማው ውስጥ ቀስ በቀስ ሾልኮ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ፊኛ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ቢንሳፈፍ ነው።

እኛ ግን እንግዳ ሳይመጣ እንጨርስ ብለን በዋዜማው ከቀኑ በ11 ሰዓት ሞላነው። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ አዳራሹ ብንገባ ግማሹ በወለል ላይ ተጋድሟል፥ ግማሹም እንደ ታመመ ሰው በጉልበት ቁመት ላይ ይዋልላል። ባለቤታችን ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ጋዙም አልቆ ስለ ነበረ፥ የሙሽራይቱ ሚዜዎችና የጎረቤት ወጣቶች ተጠርተው በእጅ መንፊያ ተራ አየር ሞሉበት። ተራ አየር የሞላው ፊኛ ደግሞ አይንሳፈፍምና 40 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ዘንግ ላይ አሰርነው፤ ዘንጎቹንም አሸዋ በተሞላ ኩባያ ውስጥ ተከልናቸው። በረፋዱ ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ብናይ ነጩና ወርቅማው ፊኛ በያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ እንደ አበባ ተሰብስቦ እጅግ ያምር ነበር። ሁላችንም በየቦታው ቆመን አደነቅን። ቆመን አየነው እንጂ ተቀምጠን አላየነውም፤ ስሕተታችን ይህ ነበር።

እንግዶች ገብተው፥ ሙሽሮችም በእልልታ ተቀብለናቸው ከተቀመጡ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደ መከሩት የሙሽራይቱን አጎት ከፊታችን አስቀመጧቸው። በመካከላችን ማእዱና በማእዱ ላይ የቆመው ፊኛ ነበር። አምስቱ ፊኛዎች በተቀመጠ ሰው ፊት ልክ ተደርድረው ስለ ነበር፥ ከእሳቸው የምናየው ነገር የነጠላቸውን ጥለትና ወደ ማእዱ የሚዘረጉትን ቀኝ እጃቸውን ብቻ ሆነ። ሰላምታ ለመስጠት ያሰብነው ቃል በአፋችን ቀረ፤ ፊቱ ለማይታይ ሰው እንዴት ያለ ሰላምታ ይሰጣል? ወደ ጎን ዘንበል ብለን እንዳናይ ደግሞ «ሊለማመጠኝ መጣ» እንዳይሉን ኩራት ያዘን። እሳቸውም ዝም አሉ። የእሳቸውን ዝምታ ቂም ነው ብለን ተረጐምነው፤ ልባችንም ተመልሶ ይጠነክር ጀመር።

ነገር ግን ያችን እጅ እናያት ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በሽማግሌ ፊት ከዘራ ጨብጣ ስትወራጭ የነበረችው እጅ አሁን ሥሯ ተገታትሮ፥ እንጀራውን ስትቆርስ ትንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው በዚህ ሁሉ ዓመት ሲያረጁ እኛ አላየንም ነበር።

ሙሽራይቱ ከሙሽሮች መቀመጫ ሆና ወደ እኛ ስትመለከት አየናት። እርሷ ሁለታችንንም ከጎን ታየን ነበር፤ ያየችውም ያልተነጋገሩ ሁለት ሰዎችን ነው። ዓይኗን ወደ መሬት ስታደርግ ሆዳችን ባባ፤ ሆኖም ከመቀመጫችን አልተንቀሳቀስንም። እውነቱን ለመጻፍ ከጀመርን ይህንንም መጻፍ ይገባናል።

በዚህ ጊዜ ከጎናችን የተቀመጡት እናታችን ከዘራቸውን በወለሉ ላይ መታ አድርገው፦ «ኧረ ይህን ነገር ከመካከላችሁ አንሡት! ሰው ሲበላ ከክፉ ዓይን ይጋረዳል እንጂ ከዘመዱ ይጋረዳል እንዴ?» አሉ። እናታችን ከተናገሩ በኋላ መዘግየት የለምና ተነሥተን ፊኛውን ከነኩባያው አንሥተን ወለሉ ላይ አኖርነው።

ቀና ብንል ፊታቸውን አየነው። ልጅቱ እንዳለችው ነው፤ ጠጕራቸው ሸብቶ፥ ጉንጫቸው ጎድጕዶ የሟቹ የእኅታችን ባል መልክ ተቀምጦ ያየን ነበር። እሳቸውም ጥቂት ተመለከቱንና፦ «ጸሐፊ፥ ፊቴን ላለማየት ብለህ ያቆምኸው መስሎኝ ነበር እኮ» አሉን። ለብዙ ሰው ማመልከቻ ቃል የምናበጅ እኛ ለዚህ የምንመልሰው ቃል አጣን። ተነሥተን ጉልበታቸውን ልንስም ስንል ትከሻችንን ይዘው ከለከሉንና ከማእዱ ጠቅልለው አጎረሱን፤ እኛም አጎረስናቸው። እልልታው የተሰማው ከሙሽሮች መቀመጫ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላችን አንዳች ነገር አልቀረም ብለን አንዋሽም። ስለ ቤቱ ጥገና ዛሬም ቢሆን አሳባችን አንድ አይደለም። ነገር ግን መልስ በሆነ ጊዜ በደጃችን ገብተዋል፤ ለፋሲካም እኛ ከነቤተ ሰባችን ወደ እሳቸው ሄደን ውለናል። የተኳረፉ ሰዎች ነገራቸውን የሚጨርሱት አንድም ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው፤ አንድም ከነጭራሹ አይጨርሱትም። የማእድ ጌጥ ለዚህ መተያየት ሊያግዝ ይገባዋል እንጂ መጋረጃ ሊሆንበት አይገባም።

ስለዚህ በፊኛ ለማጌጥ የሚያስብ ቤተ ሰብ የሚከተለውን ቢያስተውል ይጠቅመዋል።

1ኛ፤ ጌጡ ከጠረጴዛው በላይ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያጠረ፥ አለዚያም ዘንጉ ወይም ክሩ ቀጭን ሆኖ ፊኛው ራሱ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚጀምር ይሁን። ይህንንም ቆሞ ሳይሆን በወንበር ላይ ተቀምጦ፥ ሌላ ሰውንም ከፊት አስቀምጦ ማየት ነው።

2ኛ፤ ሂሊየም የሚሞላ ሰው በዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ እንግዳ ሊገባ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ይሙላ። ተራ አየር የሚሞላ ግን በዋዜማው ቢያሰናዳው ችግር የለበትም። በጠራራ ፀሓይ ከሚግል ድንኳን፥ ከሻማና ከትኵስ መብራት ያርቀው፤ ሙቀት ያገኘው ፊኛ ውስጡ እየሰፋ ይፈነዳልና።

3ኛ፤ በርካሽ የሚያንሳፍፍ ጋዝ አለ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ሃይድሮጅን እንዳይሆን ይጠይቅ። ሃይድሮጅን እሳት ያገኘው እንደ ሆነ የሚነድ ጋዝ ነው። በ1937 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሂንደንቡርግ የሚባለው የጀርመን ትልቅ የአየር መርከብ በአሜሪካ በሌክኸርስት ተቃጥሎ 36 ሰዎች የሞቱበት ይህንኑ ጋዝ ተሞልቶ ሳለ ነው። ሂሊየምም ቢሆን አይቃጠልም እንጂ ድምፅ ለማቅጠን ብሎ ከበርሜሉ የሚስብ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ሊሞት ይችላልና ወጣቶችን መከልከል ነው።

4ኛ፤ የፈነዳውን ፊኛ ቁራጭ ወዲያው መልቀም ይገባል። በሠርጋችን ቀን ከማእዱ ያነሣነውን ፊኛ ልጆች ወስደው ሲጫወቱ አንዱ ፈነዳ፤ አንድ ሕፃንም ቁራጩን ወደ አፉ ሲያደርስ እናቱ ፈጥና ባታወጣው ኖሮ ደስታችን ወደ ልቅሶ በተለወጠ ነበር። ያ ጎማ በጕሮሮ ላይ ተለጥፎ ትንፋሽ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ጌጥን ለመንቀፍ አይደለም። ሠርግ ያለ ጌጥ አያምርም፤ የልጅም ምኞት መፈጸም አለበት። ነገር ግን የቤቱ አባት ማእዱ ሲሰናዳ አንድ ጊዜ ወንበር ስቦ ይቀመጥ፤ ከፊቱ የሚቀመጠውም ሰው ማን እንደ ሆነ ያስብ። ከዚያ በኋላ በመካከል የቆመው ነገር የሚነሣ ይሁን የሚቆይ ራሱ ይፈርዳል።