የአንዲት ነጥብ ጣጣ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው ያለችው። የጀመረችውን የሕግ ትምህርት ትታ ነርስነት ልትማር መወሰኗን በስልክ መልእክት ጻፈችልኝ። በእንግሊዝኛ ነው፤ እንደ ልማዷ ትልቅ ፊደል የለ፣ ኮማ የለ። እኔም አሰብኩበትና «ኦኬ» ብዬ መለስኩ። ከኋላዋም ነጥቤን አኖርኩ። በእኔ ቤት መመረቄ ነበር።

ሦስት ሳምንት ድምጿ ጠፋ። በኋላ እናቷ ደውላ «ምነው ልጅቷን እንዲህ ተቀየምካት?» አትለኝም መሰላችሁ!

ነገሩ ሲጣራ ጥፋተኛዋ ነጥቧ ሆና ተገኘች። «ጋሼ፣ መልእክት እኮ ስትልከው አለቀ ማለት ነው» አለችኝ ልጅቷ፤ «ታዲያ ነጥብ ምን ይሠራል? አንዲት ቃል ላይ ስትጨምርባት ‹በቃ፣ ወሬ አልፈልግም› ብለህ በር የዘጋህብኝ መሰለኝ።»

እኔ በቀይ እስክሪብቶ «ነጥቡስ?» እያልኩ የተማሪ ማርክ ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀስ እያለ ግን የድሮው የቃላት ፍቅሬ ተነሣብኝ። ሥራ የፈታች ነጥብ አዲስ ሥራ አገኘች፤ የተኮሳተረ ፊት ሆነች! የሰዋስው መምህር ሳያዛቸው ልጆቹ በራሳቸው የተግባቡበት ሕግ ነው። ቋንቋ የሚያድገውስ እንዲህ አይደል?

ኢንተርኔት እንግሊዝኛን አበላሸው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔም አንዱ ነበርኩ። «ኦ ማይ ጋድ»ን «ኦ ኤም ጂ» ብሎ መቁረጥ የዘመኑ ልጆች ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2011 ቃሉን ሲያስገባ ግን፣ በምስክርነት የጠራው በ1917 የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የብሪታንያን ባሕር ኃይል የመሩት የ76 ዓመቱ ሎርድ ፊሸር፣ ተቀባዩ ዊንስተን ቸርችል!

ጽሑፍ ፊትና ድምፅ የለውም። ችግሩም የቆየ ነው። ጆን ዊልኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1668 ለምፀት የሚሆን የተገለበጠ ቃለ አጋኖ እንዲገባ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። እኛ ያንኑ ምልክት ትእምርተ ስላቅ ብለን ይዘነዋል፤ ብንረሳውም። የእህቴ ልጅና እኩዮቿ በነጥብ፣ በትንሽ ፊደልና በሥዕል የሚሞክሩት ይህንኑ ነው፤ ፊት ለሌለው ጽሑፍ ፊት መስጠት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሕጉን መተዋ ውስጤን ከንክኖኝ ነበር። ለካ ነጥቧ አላሳበቀችብኝም ማለት አልችልም። ባለ አንድ ቃል መልስ የሰጠሁትም ለዚሁ ይሆናል።

ስለዚህ ደግሜ «ኦኬ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ያለ ነጥብ። ጣቴ ሁለት ጊዜ ወደ ነጥቧ ሄዳ ተመለሰች። ከዚያ ይህም አልበቃ አለኝና ደወልኩላት። ምርቃቱን በአማርኛ፣ እስኪበቃት ሰጠኋት። «አሜን ጋሼ» ስትል ሰማኋት፤ በድምጿ።