ሽንፈትም ይጻፋል

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትንሿ ልጄ በሒሳብ ፈተና ስለ ወደቀች፥ የውጤቱን ወረቀት ከፍራሿ ሥር ሸሽጋ ተገኘች። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» እንደ ተባለው፥ እናቷም እኔም በተራ ተቈጣናት። እኔማ «በአንቺ ዕድሜ ሳለሁ ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁ» ብዬ ተመካሁባት። ነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሚከተለው ዓመት መውደቄን አልነገርኋትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ስለ አሜሪካዊቱ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ስለ ወይዘሮ ፓት ሰሚት የተጻፈ ታሪክ አነበብሁ። እኒህ ሴት በ1974 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፥ ገና በ22 ዓመታቸው፥ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲን የሴቶች ቡድን ተረከቡ። የወር ደመወዛቸው 250 ዶላር ነበረ፤ የተጫዋቾቹን ልብስ የሚያጥቡም መኪናውን የሚነዱም ራሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያውንም ግጥሚያ በአንድ ነጥብ፥ 84 ለ83 ተሸነፉ። ሆኖም እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ለ38 የውድድር ዓመት ሠርተው 1098 ጊዜ አሸነፉ፥ 208 ጊዜም ተሸነፉ፤ የአገራቸውንም የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ 8 ጊዜ ወሰዱ።

እኔን ያስደነቀኝ ከ1098ቱ ይልቅ 208ቱ ነው። ሽንፈቱ ከድሉ አጠገብ ተጽፎ ሲነበብ ክብራቸውን አልቀነሰውም። በ1997 ዓ.ም. 10 ጊዜ ተሸንፈው ሳለ በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰዱ፤ በሚከተለው ዓመት ግን 39 ግጥሚያ አድርገው አንዱንም አልተሸነፉም። በ2011 ዓ.ም. የማስታወስን ኀይል የሚያጠፋ ደዌ እንዳገኛቸው ባወቁ ጊዜ እንኳ ሳይሸሽጉ ለሕዝብ ተናገሩ። ያረፉትም በ2016 ዓ.ም. በ64 ዓመታቸው ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ልጄን ጠርቼ የራሴን መውደቅ ነገርኋት። ጥቂት ዝም ብላ «አባባ፥ ታዲያ ኋላ እንዴት አለፉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ስቈጣት ይህን ጥያቄ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ያን ምሽት መጽሐፏን አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጆቻችን ድላችንን ብቻ ስንተርክላቸው ግማሹን መዝገብ እንደብቃቸዋለን። እነርሱም የእኛን አብነት ተከትለው ወረቀታቸውን ከፍራሽ ሥር ቢሸሽጉ በማን እንፈርዳለን?